ከተማን በዓይናችንና በእግራችን እንዴት እናነባለን? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄዎቹ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ፤ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከተማን «ማንበብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ አዲስ መንገድ ላይ ገና ስትደርሱ፣ ማንም ሳይነግራችሁ ብዙ ነገር ታውቃላችሁ። እዚህ መቀመጥ ይቻላል። እዚያ ግቢ መግባት አይፈቀድም። በዚህ በኩል ሲመሽ ባልሄድ ይሻላል። ይህን ያነበባችሁት ከበሩ፣ ከመስኮቱ፣ ከአጥሩ፣ ከመብራቱ፣ ከሰዉ ብዛት፣ ከድምፁ፣ ከሽታው ሳይቀር ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ጸሐፊውና አንባቢው አንድ ቦታ ላይ ስለማይቆሙ ነው። ንድፍ አውጪው ከተማውን ከላይ ሆኖ፣ በወረቀት ወይም በኮምፒውተር ያየዋል። ነዋሪው ደግሞ መሬት ላይ ሆኖ፣ እየተራመደ፣ ሐሳቡ ሌላ ጋ እያለ ያየዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከዚህ ክፍተት የወጡ ናቸው።

የአእምሮ ካርታ የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ ወይስ እንዲያው አባባል ነው?

አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶልማን በ1948 ስለ አይጦች አንድ ነገር ጻፈ። አይጦቹ ምግብ ፍለጋ ሲሄዱ የለመዱትን መታጠፊያ ብቻ አይደግሙም። የለመዱት መንገድ ሲዘጋባቸው፣ ምግቡ ወዳለበት አቅጣጫ የሚያደርስ ሌላ መንገድ ይመርጣሉ። ስለዚህ የቦታው ካርታ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ ሲል ደመደመ። በ1971 ጆን ኦኪፍ፣ አይጧ አንድ የተወሰነ ቦታ ላይ ስትሆን የሚነቃ የአንጎል ሕዋስ ማግኘቱን አሳወቀ። በ2005 ደግሞ ሜይ-ብሪት ሞሰርና ኤድቫርድ ሞሰር ቦታን እንደ መረብ ከፋፍለው የሚመዘግቡ ሕዋሳትን ይፋ አደረጉ። ሦስቱም በ2014 የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ።

በሰው ላይ ከተሠሩት ጥናቶች ስሙ የገነነው የለንደን ታክሲ ሹፌሮች ጥናት ነው። የለንደንን ጥቁር ታክሲ ለመንዳት፣ ከመሐል ከተማው ዙሪያ በ10 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያሉ 25,000 የሚያህሉ መንገዶችን በቃል ማወቅ ያስፈልጋል። ዓመታት ይፈጃል። በ2000 የወጣው ጥናት፣ ለቦታ ትውስታ ዋና የሆነው የሂፖካምፐስ የኋላ ክፍል በሹፌሮቹ አንጎል ውስጥ ከሌላው ሰው ገዝፎ እንደሚታይ አሳየ። «ድሮም እንዲህ ሆነው ተወልደው እንደሆነስ?» የሚል ተጠራጣሪ አይጠፋም። ሠልጣኞችን ለዓመታት የተከታተለ ሌላ ጥናት ግን በ2011 መልስ ሰጠ፤ ለውጡ የታየው ፈተናውን ባለፉት ላይ፣ ከሥልጠናው በኋላ ነው።

ሰው አንድን ከተማ በምን በምን ያስታውሰዋል?

ለዚህ ጥያቄ እስካሁን ድረስ የሚጠቀሰው መልስ የአሜሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ የኬቨን ሊንች ነው። ሊንች ቦስተን፣ ጀርሲ ሲቲና ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነዋሪዎችን ቁጭ አድርጎ ከተማችሁን ሳሉልኝ፣ ከቤታችሁ እስከ ሥራ ያለውን መንገድ ንገሩኝ አለ። ውጤቱን በ1960 አሳተመ። በረጅሙ ያነጋገራቸው 60 ሰዎች ብቻ ናቸው። ይህ ድክመቱ ነው፤ ግን ያገኘው ነገር በሌሎች ከተሞችም ሲሞከር ብዙ አልተለወጠም።

አምስት ነገሮች ደጋግመው መጡለት። የምንሄድበት መንገድ አንዱ ነው። ሁለተኛው ጠርዝ ነው፤ ወንዝ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ረጅም ግንብ፣ ማለትም «እዚህ ጋ ያበቃል» የሚያሰኝ ነገር። ሦስተኛው የራሱ መልክ ያለው ሰፈር፣ አራተኛው ሰው የሚገናኝበትና መንገድ የሚመርጥበት መጋጠሚያ፣ አምስተኛው ምልክት ነው። ምልክት የግድ ትልቅ መሆን የለበትም። ከዙሪያው ይለይ እንጂ አንዲት ቀይ በርም ትበቃለች።

እኔን የሚገርመኝ አንዱ ነገር ለሁለት ሰው ሁለት ነገር መሆኑ ነው። ፈጣን መንገድ ለሹፌሩ መንገድ ነው። ለእግረኛው ግን ጠርዝ ነው፤ እንዲያውም ግድግዳ። የጀርሲ ሲቲ ሰዎች ደግሞ የከተማቸውን መለያ ሲጠየቁ፣ ብዙዎቹ ከወንዙ ማዶ የሚታየውን የኒው ዮርክ ፎቆች ጠቀሱ። የራስ ከተማ መለያው ሌላ ከተማ ሲሆን ምን ይባላል?

በቃሌ የምስለው ካርታ ከእውነተኛው ለምን ይለያል?

አእምሮ ማስተካከል ይወዳል። ጠማማውን ቀጥ ያደርጋል። ሰያፍ የሆነውን መጋጠሚያ እንደ መስቀል ይስላል። የምናውቀውን ሰፈር ያሰፋል፣ የማናውቀውን ያጠባል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስታንሊ ሚልግራም በ1970ዎቹ ፓሪሳውያንን ከተማቸውን ሲያስስል፣ አብዛኞቹ የሴን ወንዝን መታጠፊያ ከእውነቱ አለዝበው ሳሉት። የቦስተን ሰዎችም መሐል ከተማ ያለው ትልቁ መናፈሻቸው አምስት ጎን እንዳለው እየዘነጉ በዙሪያው ግር ይላቸው ነበር።

የታተመ ካርታም ጭንቅላታችንን ይጠመዝዘዋል። ሃሪ ቤክ የሠራው የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ከ1933 ጀምሮ መስመሮቹን ቀጥ፣ አግድምና ሰያፍ ብቻ አድርጎ ያሳያል። ለማንበብ ግሩም ነው። ርቀትን ግን አይናገርም። ሌስተር ስኩዌርና ኮቨንት ጋርደን የተባሉት ጣቢያዎች መካከል ያለው ርቀት 260 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካርታውን ብቻ የሚያውቅ እንግዳ ግን ደረጃ ወርዶ፣ ባቡር ጠብቆ፣ ተሳፍሮ፣ እንደገና ደረጃ ይወጣል።

የራሴን የአእምሮ ካርታ ማውጣት እችላለሁ?

ባዶ ወረቀትና 10 ደቂቃ ይበቃል። ስልኩ ይቀመጥ። መጀመሪያ የሳላችሁት ነገር ምን እንደሆነ ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ የመላው ስዕል ምሰሶ እሱ ነው። ከዚያ ባዶ የቀረውን የወረቀት ክፍል እዩ። እዚያ የሚኖር ሰው አለ፣ እናንተ ግን አልፋችሁበት አታውቁም፣ ወይም የምታልፉት በመኪና ነው። አብሯችሁ ለሚኖር ሰው፣ በተለይ ለልጅ፣ ያንኑ ወረቀት ስጡትና አወዳድሩ። ሳቅ አይጠፋም።

አንዳንድ ቦታ ቶሎ የምጠፋው ለምንድን ነው? ችግሩ የኔ ነው?

ሰው ከሰው መለያየቱ አይካድም። ግን ሁሉም የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ ጥፋቱ የቦታው ነው። ዋናው አታላይ ቀስ ብሎ የሚታጠፍ መንገድ ነው። መታጠፉ ስለማይታወቅ፣ ቀጥ ብላችሁ የሄዳችሁ እየመሰላችሁ አቅጣጫ ትቀይራላችሁ። ሁሉም ህንጻ አንድ ቀለም፣ አንድ ቁመት፣ አንድ ዓይነት በረንዳ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ፍርግርግ መንገድ ያለው ከተማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወዴት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ፣ የትኛው ማዕዘን ላይ እንደቆማችሁ ግን አታውቁም።

ከምድር ውስጥ ባቡር ወይም ከትልቅ የገበያ ህንጻ ስትወጡ ግር የሚላችሁም በዚሁ ምክንያት ነው። ውስጥ ሳላችሁ ፀሐይ የለም፣ ሩቅ የሚታይ ነገር የለም፣ ደረጃው ደግሞ ሁለት ሦስቴ አዙሯችኋል። በር ላይ አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ሩቅ ያለ ከፍ ያለ ነገር ፈልጉ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጂፒኤስ እያለ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?

ለመድረስ ብቻ ከሆነ ስልኩ ይበቃል። ቦታውን ለማወቅ ግን አይበቃም። ስልኩ «ግራ ታጠፉ» ሲል ትታጠፋላችሁ እንጂ ለምን እንደታጠፋችሁ አታስተውሉም። ባትሪው ሲያልቅ ደግሞ ወዴት እንደመጣችሁ እንኳ አታውቁም። እኔ ስሄድ ስልክ እጠቀማለሁ፣ ስመለስ ኪሴ እከተዋለሁ። ትንሽ እዘገያለሁ።

ርቀቱ እኩል ሆኖ አንዱ መንገድ የሚረዝመው ለምንድን ነው?

ከመንገዱ ርዝመት ይልቅ ጎኑ ነው የሚያደክመው። ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራመዳል። ዴንማርካዊው አርክቴክት ያን ጌል በ100 ሜትር ውስጥ ከ15 እስከ 20 በሮች ያሉትን የመንገድ ጎን ጥሩ ይለዋል። ስሌቱን ሥሩት። በሩ በየ5 ወይም 6 ሜትሩ ከመጣ፣ እግረኛው በየ4 ሰከንዱ ገደማ አዲስ ነገር ያያል። አንዱ ወንበር ያወጣል፣ ሌላው መስታወት ይወለውላል። መንገዱ ሳይታወቃችሁ ያልቃል።

ድፍን ግድግዳ ወይም ጥቁር መስታወት ለ200 ሜትር ሲዘረጋ ግን ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ሰው እርምጃውን ያፈጥናል፣ ስልኩን ያወጣል፣ መንገድ ይሻገራል። በመኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ያው ግድግዳ ችግር የለበትም፤ በአሥራ ምናምን ሰከንድ ያልፈዋል። ብዙ አዳዲስ መንገዶች የተሣሉት ለዚህኛው ሰው ነው። ኮፐንሃገን ዋናውን የገበያ መንገዷን ስትሮየትን በ1962 ከመኪና ነጻ ስታደርግ፣ በዚያ ብርድ አገር ውጭ ቁጭ የሚል የለም ተብሎ ነበር። ሰዉ ወጣ፤ ተቀመጠም።

ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት ሰው የማይቀመጥበት አደባባይ ለምን ይኖራል?

አሜሪካዊው የከተማ ኑሮ ተመራማሪ ዊሊያም ዋይት የኒው ዮርክን አደባባዮች በ1970ዎቹ በካሜራ እየቀረጸ ተከታተለ። ከተማዋ ከ1961 ጀምሮ ከህንጻቸው ፊት አደባባይ ለሚተው ባለንብረቶች ከተፈቀደው በላይ ወለል እንዲሠሩ ትፈቅድ ነበር። ብዙ አደባባይ ተሠራ፣ ብዙው ጭር አለ። የዋይት ግኝት የሚያስቅ ነው፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው። ብዙዎቹ አደባባዮች መቀመጫ አልነበራቸውም፣ ወይም ጠርዙ ላይ ሹል ብረት ተተክሎ ነበር። በ1975 ደንቡ ተቀየረና መቀመጫ ግዴታ ሆነ።

ሌላው የታዘበው ተንቀሳቃሽ ወንበርን ነው። ሰው ወንበሩን አንስቶ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ገፋ ያደርገውና ይቀመጣል። ፀሐይም ጥላም አልቀየረም። ግን ቦታው የሱ ሆነ። ባለሙያዎች በደንብ የተቀረጸ የድንጋይ አግዳሚ ሲያስቀምጡ ይህን ነው የሚያጡት። በተረፈ ፀሐይ፣ ዛፍ፣ ውሃ፣ የሚበላ ነገርና ከመንገዱ ጋር መገናኘት ይረዳል። ደረጃ ወጥተው ወይም ወርደው የሚደርሱበት አደባባይ ብዙ ጊዜ ባዶውን ይቀራል።

አንድ ሰፈር ወንጀል ሳይኖርበት የሚያስፈራው ለምንድን ነው?

ፍርሃትና አደጋ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም። የሚያስፈራን ማየት አለመቻላችንና አለመታየታችን ነው። ስለ ከተሞች የጻፈችው ጄን ጄኮብስ በ1961 እንዳለችው፣ መንገድን የሚጠብቀው በመጀመሪያ ፖሊስ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለው ዓይን ነው። ባለ ሱቁ፣ መስኮት ላይ የተደገፈችው ሴት፣ ውሻ የሚያንሸራሽረው ሰው። ምንም መስኮት የማይከፈትበት ጎዳና መብራቱ ቢደምቅም ያስፈራል። እንግሊዛዊው የጂኦግራፊ ምሁር ጄይ አፕልተን ደግሞ በ1975 ሰው የሚመቸው ቦታ ጀርባውን ከልሎ ፊቱን የሚያይበት ነው አለ። ካፌ ውስጥ ቀድሞ የሚያዘው ጠረጴዛ የግድግዳ ጥጉ መሆኑን ልብ ብላችሁ ከሆነ ገብቷችኋል።

የተሰበረ መስኮት ሳይጠገን ሲቀር ሌላ ጥፋት ይጋብዛል የሚለው ሐሳብ በ1982 ከወጣ ጀምሮ እያከራከረ ነው። የተበላሸ ነገር ሰውን እንደሚያሳስብ አምናለሁ። ጥቃቅን ጥፋት የሠራን ሁሉ ማሰር ከባድ ወንጀልን ይቀንሳል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት ብዙ ድሃ ሰፈር ላይ ጫና አምጥቷል።

ሁሉም ሰው አንድን ቦታ አንድ ዓይነት ያየዋል?

በፍጹም። የ3 ዓመት ልጅ ቁመት 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የቆመ መኪና ለሷ ግንብ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የእግረኛ መብራት ሲሰላ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነበር፤ ብዙ አረጋውያን ይህን አይደርሱበትም። አረንጓዴው መሐል መንገድ ላይ ጥሏቸው ይጠፋል። ዓይነ ስውር ከተማን በእግሩ መዳፍና በበትሩ ያነባል። በብዙ አገር የእግረኛ መንገድ ላይ የሚታየውን ጉብጉብ ያለ ንጣፍ የፈጠረው ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጠፈው በ1967 ኦካያማ ውስጥ ነው።

ቪየና በ1990ዎቹ አንድ ነገር አስተዋለች። ሴት ልጆች ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ከመናፈሻ ይጠፋሉ። የከለከላቸው አልነበረም። ነገር ግን መሐሉን አንድ ትልቅ የኳስ ሜዳ ይዞታል፣ ሜዳውን ወንዶቹ ይዘውታል። ከተማዋ መናፈሻዎችን ወደ ተለያዩ ትናንሽ ቦታዎች ከፈለች፣ መንገድና ሌላ ዓይነት መጫወቻ ጨመረች። ልጃገረዶቹ ተመለሱ፤ ወንዶቹንም ማንም አላባረራቸውም።

መኪና መብዛቱ ጎረቤትን ሳይቀር ይለውጣል የሚባለው እውነት ነው?

የከተማ ንድፍ ባለሙያው ዶናልድ አፕልያርድ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሦስት ተመሳሳይ መንገዶችን አነጻጸረ። በአንዱ በቀን 2,000፣ በሌላው 8,000፣ በሦስተኛው 16,000 ገደማ ተሽከርካሪ ያልፋል። ቀላል ትራፊክ ባለበት መንገድ አንድ ነዋሪ በአማካይ ሦስት ጓደኛ ነበረው። በሚበዛበት ግን አንድ አይሞላም። ከሁሉ የነካኝ ሌላው ጥያቄ ነው። «ቤቴ የምትሉት እስከየት ነው?» ሲባሉ፣ ጸጥተኛው መንገድ ላይ ያሉት መንገዱን በሙሉ አከበቡ። መኪና የሚበዛባቸው ከህንጻቸው አልወጡም።

በካርታ ላይ የሚያምር ከተማ መሬት ላይ ለምን አይጥምም?

ብራዚሊያን ውሰዱ። ሉሲዮ ኮስታ ነደፋት፣ ዋና ዋና ህንጻዎቿን ኦስካር ኒማየር ሠራ፣ በ1960 የብራዚል ዋና ከተማ ሆነች። ከላይ ስትታይ ክንፏን የዘረጋ አውሮፕላን ትመስላለች። በ1987 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገባት። ግን ያንን አውሮፕላን እግረኛው መቼም አያየውም። እሱ የሚያየው ሰፊ ሣር፣ ሰፊ መንገድ፣ ፀሐይና ሩቅ ያለ ህንጻ ነው። ሣሩ ላይ በእግር የተቀደዱ ቀጫጭን የአፈር መንገዶች አሉ፤ ሰዉ ለራሱ ያወጣቸው አቋራጮች።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በመኖሪያ ሰፈሮቿ ውስጥ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ የሚወዷት ነዋሪዎችም ብዙ ናቸው። ኦስትሪያዊው ካሚሎ ሲቴ ግን በ1889 ነግሮን ነበር። የድሮ አደባባዮች የሚጥሙት እንደ ክፍል ግድግዳ ስላላቸው ነው። ቦታው በጣም ሲሰፋና ዙሪያው ሲከፈት፣ አደባባይነቱ ይጠፋና ሜዳ ይሆናል።

ሰው የጠላውን ህንጻ ኋላ ሊወደው ይችላል?

ይችላል። ኤፍል ታወር ገና ሲጀመር፣ በ1887፣ የታወቁ የፈረንሳይ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ከተማችንን ያበላሻል ብለው በጋዜጣ ተቃውሞ አወጡ። ማማው የተፈቀደለት ለ20 ዓመት ብቻ ነበር። ያተረፈው በዋናነት ውበቱ አይደለም፤ ለሬዲዮ ማስተላለፊያ መጥቀሙ ነው። ዛሬ ፓሪስን ያለሱ የሚያስብ የለም።

ይህ ግን ለሁሉም አይሠራም። ለባለሙያ የሚያምረው ለነዋሪው ላያምረው ይችላል፣ ብዙ ጥናቶችም ይህን ልዩነት አሳይተዋል። «ይለምዱታል» የሚለውን መልስ አርክቴክቶች ትንሽ አብዝተውታል ባይ ነኝ። ማማውን ካልወደዳችሁት በሌላ መንገድ ትሄዳላችሁ። የምትኖሩበት ህንጻ ከሆነስ?

ታዲያ መጥፎ ንድፍ መጥፎ ሰፈር ይፈጥራል ማለት ነው?

ብዙ ሰው «አዎ» ለማለት ፕሩት-አይጎን ይጠቅሳል። ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ፣ ባለ 11 ፎቅ 33 የመንግሥት ኪራይ ቤት ህንጻዎች። አርክቴክቱ ሚኖሩ ያማሳኪ ነበር። ሰው መግባት የጀመረው በ1954 ነው፤ በ1972 በፈንጂ መፍረስ ተጀመረ። ፎቁ ሲናድ የሚያሳየው ምስል ዓለምን ዞረ፣ የዘመናዊ ንድፍ ሞት ማስረጃም ተደረገ።

ንድፉ ከጥፋቱ ነጻ አይደለም። ሊፍቱ በሁሉም ፎቅ አይቆምም ነበር፣ በ1ኛው፣ በ4ኛው፣ በ7ኛውና በ10ኛው እንጂ። የቀረው ሰው ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። የማንም ያልሆነው ደረጃና ኮሪደር የሚፈራ ቦታ ሆነ። ነገር ግን የህንጻው ጥገና የሚሸፈነው ከነዋሪው ኪራይ ነበር፤ ነዋሪው ደግሞ ድሃ ነው። ከተማዋ በዚያው ዘመን ሕዝቧን እያጣች ነበር፣ ቤቶቹም ባዶ ቀሩ። የዘር መድልዎ ማን የት እንደሚኖር ወስኖ ነበር። ሊፍቱ ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፋ፣ መስኮቱ ሲሰበር የሚተካው ጠፋ። በተመሳሳይ ዓይነት ረጃጅም ፎቆች ውስጥ፣ ጥገናና ዘበኛ እየከፈሉ፣ ተመችቷቸው የሚኖሩ ሰዎች በሌላ ቦታ ሞልተዋል። ፕሩት-አይጎ ግን እስከ 1976 ድረስ ፈርሶ አለቀ፤ አብዛኛው መሬትም ለብዙ አሥርት ዓመታት ዛፍ በቅሎበት ባዶውን ተቀመጠ።